ጆሮ የሚበላው ሌንስ

ፎቶ አንሺውን በስሙ የሚጠራው የለም። ከኮሪደሩ ማዶ ያለው ጸጉር አስተካካይ አንድ ቀን «ጆሮ በላ» ካለው ወዲህ፣ ቁልፍ ቀራጩም፣ ፎቶ ኮፒ የምታነሳዋም፣ ደንበኞቹም በዚያው ቀሩ። ስሙን ያመጣበት ሌንሱ ነው።

ሌንሱ አጭርና ወፍራም ነው፤ እጅ ላይ ሲቀመጥ ይከብዳል። ከብረትና ከመስታወት በቀር ምንም የለበትም፤ ሞተር የሚባል ነገር አያውቅም። የዘመኑ ሌንስ እዝዝ ብሎ በራሱ የሚያገኘውን ትኩረት፣ ይህኛው ቀለበቱን በጣት ካላዞሩለት አያገኘውም። የትኩረት ርዝመቱ ሰማንያ አምስት ሚሊሜትር ነው። አንሺው ከሚያነሳው ሰው አንድ እርምጃ ተኩል ያህል ርቆ ስለሚቆም አፍንጫ አያስረዝምም፣ ግንባር አያሳብጥም። ቀዳዳው እስከ መጨረሻ ሲከፈት የሻይ ስኒ አፍ ያህላል። ያኔ ብርሃኑ እንደ ልብ ይገባል፤ ጥርት ብሎ የሚታየው የፊት ክፍል ግን የሁለት ጣት ውፍረት እንኳ አይሞላም። ዓይን ከጠራ የአፍንጫ ጫፍ ይለሰልሳል። ጆሮማ ጨርሶ ቀልጦ ጭጋግ ይሆናል።

«ጆሮዬን የት አደረስከው?» አለው አንድ ታክሲ ነጂ፣ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ እያዟዟረ።

«አለ፤ ወደ ኋላ ነው።»

«ሚስቴ ስትቆጣ እንኳ ሁለቱንም ትተውልኛለች!»

ይህን የሰማው ጸጉር አስተካካይ መቀሱን ይዞ ብቅ አለ። «እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ጆሮ እንዳልቆርጥ ስጠነቀቅ፣ አንተ በአንድ ጠቅታ ትጨርሰው? ጆሮ በላ!»

ሥራውን የጀመረው በጉርድ ፎቶ ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰውን ነጭ ግድግዳ ላይ እየለጠፈ «ቀና ይበሉ፣ ሁለቱም ጆሮዎ ይታይ» ሲል ኖረ። ምናልባት ለዚህ ይሆናል፣ ጆሮ የሚያጠፋ ሌንስ ሲያይ ልቡ የተነሳው። ሱቁን ከሚዘጋ አንድ ሽማግሌ ፎቶ አንሺ ዘንድ ነው ያገኘው፤ ሰው የሚመኘውን፣ በራሱ የሚያነጣጥር አዲስ ሌንስ ሰጥቶ ይህን በለውጥ ወሰደ። ሚስቱ ያን ቀን «ሞተር ያለውን ሰጥተህ ሞተር የሌለው? በል እንግዲህ ነገ ደግሞ መኪና ሰጥተህ ጋሪ አምጣ» አለችው። መኪና አልነበራቸውም።

ሌንሱን መግራት ወራት ፈጀበት። ሰባት እርሳሶች ጠረጴዛ ላይ አሰልፎ፣ ሦስተኛዋን ብቻ ለማጥራት ይታገላል። ሦስተኛዋ ስትጠራለት አራተኛዋን፣ ከዚያ ደግሞ የአራተኛዋን ጫፍ ብቻ። በመጨረሻ የራሱን ዘዴ አገኘ። ቀለበቱን አንዴ ካዞረ በኋላ አይነካውም፤ የሚያንቀሳቅሰው ራሱን ነው። ጉልበቱን ዘና አድርጎ፣ የእህል ቅንጣት ታህል ወደ ፊት፣ የእህል ቅንጣት ታህል ወደ ኋላ ይላል። የሚነሳው ሰው ሲተነፍስ አብሮ ይተነፍሳል፤ ሰው ትንፋሹን ጨርሶ ሌላ ከመሳቡ በፊት እጅግ አጭር የሆነች ጸጥታ አለች፤ በዚያች ጸጥታ ውስጥ ይጫናል። ከሩቅ ለሚያየው ግድግዳ ላይ ያለ እንሽላሊት ይመስላል። ሰው ግን ተንፍሶ በሚያቆምባት በዚያች ቅጽበት ፊቱ የማንም አይደለም፣ የራሱ ብቻ ነው። ይህን ማንም አላስተማረውም።

ሕጉ አንድ ነው፦ ሁልጊዜ ለካሜራው የቀረበው ዓይን ይጠራል። የተቀረው ቢቀልጥ ግድ የለም። በዚህ ሕግ አምስት ዓመት ሲሠራ አንድም የሳተ ፎቶ ለደንበኛ ሰጥቶ አያውቅም። ስለ ሌላ ነገር የማይኩራራ ሰው ነው፤ በዚህች ግን ይኩራራል። ፎቶውን የምታትመውና ፍሬም ውስጥ የምታስገባው ሚስቱም በአደባባይ ትቀልድበት እንጂ በሆዷ ትኮራበት ነበር።

የሚስቱ አባት ቀያሽ ነው። ሠላሳ ሰባት ዓመት መሬት ሲለካ የኖረ፣ ነገሩ ሁሉ በልክ የሆነ ሰው። ወደ ልጁ ቤት ሲመጣ ከሰላምታ በፊት ኪሱ ውስጥ ካለችው ትንሽ የብረት ኳስ ጋር ወደ ጠረጴዛው ይሄዳል። ኳሷን ያስቀምጣታል፤ ኳሷ ትንከባለላለች። «አሁንም ወደ በሩ ያዘነብላል» ይላል። አማቹ ፎቶ አንሺው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከጠረጴዛው እግር ሥር ወረቀት እያጠፈ ቢከትም ያችን ኳስ ማቆም አልቻለም።

ቀያሹ ጡረታ ሊወጣ ነው። በመሥሪያ ቤቱ ልማድ የሚሰናበት ቀያሽ ሁሉ ፎቶው በትልቁ ታትሞ በካርታ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ስንብቱ አርብ ነው። መሥሪያ ቤቱ የራሱ ፎቶ አንሺ ነበረው። ልጅቱ ግን «የአባቴን ፎቶ ሌላ ሰው አያነሳውም» ብላ ቆረጠች። ምክንያት ነበራት። በቤታቸው አልበም ውስጥ እናቷ አለች፣ እሷ አለች፣ አክስቶቿ አሉ፤ አባቷ የለም። ካሜራውን ሁልጊዜ የሚይዘው እሱ ነበር። የእናቷ ፊት በአልበም ቀርቷል፤ እናቷ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። የአባቷ ፊት ግን ከመታወቂያው በቀር የትም የለም።

ማክሰኞ ጠዋት ቀያሹ ሸሚዙን ተኩሶ መጣ። ሰማዩ ደመና ነበር፤ ብርሃኑ የለሰለሰ። ፎቶ አንሺው በርጩማውን ከመስኮቱ ጎን አስቀመጠ።

«አባባ፣ ፊትዎን ወደ መስኮቱ ትንሽ ያዙሩልኝ።»

«በዚህ በኩል ይሻለኛል።»

«እንደዚያ ከሆነ እኮ ግማሽ ፊትዎ ይጨልማል።»

«ይጨልም። ዕድሜዬን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነበርኩ፤ ትንሽ ጥላ ይገባኛል።»

ልጅቱ ከወረቀት መቁረጫው አጠገብ ሆና ጣልቃ ገባች። «አባዬ፣ እንደ ሕፃን አትሁን እንጂ! ቴዎዶላይት መለኪያህን ስታቆም ማን ይነግርሃል? እሱም የሚያውቀውን ይሥራ።»

ቀያሹ የሸሚዙን አንገትጌ አስተካከለ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረ። አሁን ለካሜራው የቀረበው የግራ ዓይኑ ሆነ።

ፎቶ አንሺው መወዛወዝ ጀመረ፤ ወዲያውም ተገረመ። የሰው ዓይን፣ ዝም ያለ በሚመስልበት ጊዜ እንኳ፣ ዝም አይልም። ይርገበገባል፣ ይሸሻል፣ ይመለሳል፤ ትግሉ ሁሉ ከዚያ ጋር ነው። ይህ ዓይን ግን ግድግዳ ላይ እንደተመታ ምስማር ቀጥ ብሎ ቆመ። «የቀያሽ ዓይን!» አለ በሆዱ። «ሠላሳ ሰባት ዓመት ኢላማ ላይ የተተከለ ዓይን!» ስድስት ጊዜ ተጫነ፤ ስድስቱም ላይ እርግጠኛ ነበር። ለዚህ ሥራ ከዚያ በፊት ከአርባ ያነሰ ተጭኖ አያውቅም።

ከሰዓት ሚስቱ የፍሬም እንጨት ልታመጣ ስትወጣ ፎቶዎቹን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተ። አራተኛው ከሁሉም በለጠ። አጎላው፤ ቅንድቡን፣ ሽፋሽፍቱን እያንዳንዱን፣ ከዚያ ዓይኑን።

የቀኝ ዓይኑ ራቅ ስላለ ደብዝዟል። ቢደበዝዝም ብሌኑ መስፋቱ ይታያል፤ በደመናው ጠዋት ብርሃን ፍለጋ ተከፍቷል። የግራው ብሌን ግን ጠባብ ነው፤ ቀትር ላይ የቆመ ሰው ብሌን። አንዱ ዓይን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር፣ ሌላው ስድስት ሰዓት ላይ። ፎቶ አንሺው የብርሃን ስህተት መሰለው። ይበልጥ አጎላው። በነጩ ላይ ደም ስሮች አሉ፤ ቀያይ፣ ቀጫጭን። እንዲህ ተጠግተው ሲያዩዋቸው ግን ደም ስሮች አይደሉም። የቀይ ክር ጭረቶች ናቸው፤ አንድ በአንድ ተመርጠው፣ አንዱ ከሌላው ትንሽ ሸሽቶ፣ እንዳይመሳሰሉ ታስቦባቸው የተጋደሙ። በጥቁሩ ዙሪያ ያለው ቡናማ ቀለም የብሩሽ ጫፍ ምልክት አለበት።

እጁ ከመዳፊቱ ላይ ተነሳ። ከእሱ በፊት ሌላ ሰው እዚህ ፊት ላይ ሠርቷል፤ ስሙን ሳይጽፍ የሄደ፣ ከእሱ የበለጠ ትዕግሥት የነበረው ሰው። ዘጠኝ ዓመት አብሮ ማዕድ ሲቀርብ፣ ልብ ያላለውን ነገር ሌንሱ በአንድ ጠዋት ፊቱ አስቀመጠለት። ያቺ በእርግጠኝነት ያነጣጠረባት የጠራች ነጥብ የማታይ፣ ሰው ሠራሽ ዓይን ናት፤ የምታየዋን አቅልጧታል።

መጀመሪያ የመጣበት ሐሳብ ቀዳዳውን አጥብቦ ሌላ ማንሳት ነበር፤ ቀዳዳው ሲጠብ ሁለቱም ዓይኖች ይጠራሉ። ወዲያው ተወው። ሁለቱም ከጠሩማ ልዩነቱ በካርታ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለዘላለም ሊታይ ነው። ሁለተኛው ሐሳብ ሚስቱ ነበረች። ታውቅ ይሆን? «የአባዬ ዓይን እንዴት እንደሚያምር እዚህ ፎቶ ላይ ታያለህ» ስትል ጠዋት ሰምቷታል። አታውቅም። ፎቶዎቹን ከኮምፒውተሩ ላይ ሰርዞ፣ የካሜራውን ካርድ ኪሱ ከተተ።

ሚስቱ እንጨቱን ታቅፋ ተመለሰች። «የታለ? አሳየኛ!»

«ሳትኩት» አላት።

ሳቀች። ከዚያ ፊቱን አይታ ሳቋን አቆመች። «አንተ? ምኑን?»

«ዓይኑን። ሁሉም ላይ ሳትኩ።»

እንጨቱን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «ለማያውቅህ ሰው አምስት ዓመት አልሳትክም። ለአባቴ ሲሆን ነው እጅህ የሚያጥረው?»

ካሜራውን አነገተ። ሆዴ ይፍጀው ብሎ ወጣ።

ቀያሹ ቤቱ የመስክ ደብተሮቹን በዓመተ ምሕረት እየደረደረ ነበር። አማቹ ቆሞ፣ ያዘጋጀውን ተናገረ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፎቶው ተበላሽቷል፤ ሳትኩ። እንደገና ማንሳት አለብኝ።»

«የት ላይ ሳትክ?»

«ዓይን ላይ።»

«የትኛው ዓይን ላይ?» አለ ቀያሹ፤ ሥፍራን በግምት የማይቀበል ሰው ነው።

አማቹ ዝም አለ። ዝምታው ከሚገባው በላይ ረዘመ። ቀያሹ የያዘውን ደብተር ሳይከፍተው ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«አሳየኝ።»

ካርዱን ካሜራው ውስጥ ከቶ፣ አብርቶ ሰጠው። ሽማግሌው በቀኝ ዓይኑ ተጠግቶ ለረዥም ጊዜ አየው። ፊቱ ላይ የተለወጠ ነገር የለም።

«ክሮቹ እንዲህ ይታያሉ ብዬ አስቤ አላውቅም» አለ በመጨረሻ።

«በጣም የሚገርም እጅ ነው፣ አባባ። አንድም ቦታ አልደገማቸውም።»

«የሠራልኝ ሰውዬ ሁለት ቀን ነው ፊቱ ያስቀመጠኝ። ቀኙን እያየ ግራውን ይቀባል። ብዙ አያወራም። ሲጨርስ መስታወት ሰጠኝና ‹የቱ ነው የእኔ?› አለኝ።» ቀያሹ ፈገግ አለ። «ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። የእይታ መስመር ስናጸዳ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ተፈናጥሮ ነው ዓይኔን ያጠፋው። አብረውኝ የነበሩት ሁለቱም አሁን በሕይወት የሉም። ያኔ መሥሪያ ቤቱ ቢያውቅ ኖሮ ቢሮ አስቀምጦ ወረቀት ያስቆጥረኝ ነበር። በመሣሪያ የሚታየው በአንድ ዓይን ነው ብዬ ብነግራቸው ማን ይሰማኛል?»

«እና ማንም...?»

«ባለቤቴ ብቻ። ለልጄ ነገርካት?»

«ሳትኩ ነው ያልኳት።»

«እንዳትነግራት።» ካሜራውን መለሰለት። «ሰው አንዴ ካወቀ ከዚያ በኋላ የሚያየው አንዷን ብቻ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ሁለቱን ሲያዩልኝ ኖረዋል።»

«ላጥፋው?»

ቀያሹ አሰበ። «አታጥፋው። ሰውየው ደክሞበታል። ከእሷ ብቻ ደብቀው።»

ረቡዕ በቀያሹ ቤት በረንዳ ላይ በቀኝ በኩል አነሳው። ቀዳዳው እስከ መጨረሻ ተከፍቶ፣ ግራው እንዲቀልጥ። ግን የምታየዋ ዓይን እንደ ሌላ ሰው ዓይን ሆነች። ሌንሱን ባየች ቁጥር ትሸሻለች፣ ውኃ ታቀርራለች፤ ቀያሹም ሳያውቀው ጣት ታህል ወደ ኋላ ይላል። ፎቶ አንሺው ትንፋሹን ሲጠብቅ፣ ሽማግሌው ትንፋሹን ይዞ ይቆያል። ስድሳ ሰባት ጊዜ ተጫነ። ከሁሉ የተሻለችው ላይ ቅንድቡ ጠርቶ ዓይኑ በጥቂቱ ለስልሷል። «በቃ» አለ ቀያሹ እንባውን እየጠረገ፤ «ይቺው ትሂድ።»

ሚስቱ ያለ አንድ ቃል አተመችው። ከዚያ ወዲህ በቤት ውስጥ የሚነጋገሩት ስለ ቁልፍና ስለ ዳቦ ብቻ ሆነ።

አርብ በካርታ ክፍሉ ሻይና ኬክ ቀረበ፤ ንግግር ተደረገ፤ ፎቶው ከሌሎቹ ጎን ተሰቀለ። የካርታ ክፍሉ ኃላፊ ጠጋ ብሎ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋና ወደ ቀያሹ ዞረ። «ዓይኑ ላይ ትንሽ ደብዘዝ ብሏል ልበል? አማችህ የሚበላው ጆሮ ብቻ ነው ሲሉን!»

ክፍሉ ሳቀ።

«ልክ ነዎት፤ ሳትኩ» አለ ፎቶ አንሺው።

ሚስቱ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ ወደ መስኮቱ ሄደች። ቀያሹ አማቹን አየ፤ መስኮቱ ጋ ያለችውን ልጁን አየ፤ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለመለካት መሣሪያ አላስፈለገውም። ኬኩን በላ፣ ከሁሉም ጋር ተጨባበጠ፣ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ሱቁ እንደተከፈተ መጣ። ሰላምታ ሰጥቶ ማተሚያው አጠገብ ቆመ።

«የመጀመሪያውን ፎቶ አትሚልኝ» አላት ልጁን።

«የቱን የመጀመሪያ? የሳተውን?»

«አልሳተም። አንተ፣ ካርዱን ስጣት።»

«አባባ...»

«ስጣት አልኩህ እኮ!»

ፎቶ አንሺው ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ልጅቱ ባሏን አየች፣ አባቷን አየች፣ ከፈተችው፤ በትንሹ እንዳየችው «ይሄ እኮ ጥርት ያለ ነው!» ብላ ተቆጣች። እንዲታተም አዘዘች። ወረቀቱ ከማተሚያው በመስመር በመስመር መውጣት ጀመረ፤ መጀመሪያ ሽበቱ፣ ከዚያ ግንባሩ፣ ከዚያ ቅንድቡ። ከኮሪደሩ ማዶ የጸጉር አስተካካዩ መቀስ ይሰማል። ዓይኖቹ ወጡ። ልጅቱ ወረቀቱ ወጥቶ እስኪያልቅ ጠበቀች፤ ከዚያ ይዛው ወደ መስኮቱ ሄደች።

«የግራው ነው» አለ አባቷ ከኋላዋ።

ዘወር አላለችም። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ሳትወለጂ።»

«እማዬ ታውቅ ነበር?»

«እሷ ነበረች የምታጥብልኝ።»

ልጅቱ ጣቷን ወደ ፎቶው አስጠጋች፤ ቀለሙ እንዳልደረቀ አስታውሳ መለሰችው። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች።

«አንተስ?»

«ከማክሰኞ።»

«ከማክሰኞ! ስድስት ቀን ሙሉ ስሰድብህ ዝም?»

«ብዙም አልሰደብሽኝም እኮ። ዝም ነው ያልሽኝ።»

«እሱን ነው የምልህ!» አለች፤ በእጇ ጀርባ ጉንጯን ጠረገች። ከዚያ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አጋደለችው፤ እንደ ሥራዋ፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ።

«የሚያብረቀርቀው ወረቀት አይሆንለትም» አለች። «ክሮቹን ያጠፋቸዋል። በደብዛዛው ላትመው።» መሳቢያውን ከፍታ ሁለት ወረቀት አወጣች።

«አንድ እኮ ነው ያልኩሽ» አለ ቀያሹ።

«አንዱ ለቤታችን ነው። ቁጭ በል አባዬ፤ እስኪደርቅ ጊዜ ይወስዳል።»